መቶ አለቃው

አጎቴ በብሔራዊ ውትድርና ከፎገራ ተነሥተው ሰሜን ድረስ የዘመቱ፣ አሥር አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። ደርግ ሲወድቅ ተሃድሶ ገብተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሩዝና ጓያ እያፈራረቁ ያርሳሉ። እኔ ወረታ ታሪክ አስተምራለሁ። ከጦር ሠራዊት ወጥተው ፖለቲካ ስለገቡ ኢትዮጵያውያን ለተማሪዎቼ ትምህርት ሳዘጋጅ ዋና ሰው አድርጌ የያዝኩት መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስን ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰሙ አልተዋጠላቸውም። ያወራነውን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

አጎቴ፦ ከዚያ ሁሉ ጄኔራል፣ ከዚያ ሁሉ ኮሎኔል መካከል መቶ አለቃ መረጥሽ?

እኔ፦ አዎ ጋሼ። ከመስከረም 28 ቀን 1994 እስከ መስከረም 2006፣ አሥራ ሁለት ዓመት የአገር ፕሬዚዳንት የነበሩ መቶ አለቃ ናቸው።

አጎቴ፦ ፕሬዚዳንቱንማ አውቃቸዋለሁ። ግዙፍ ሰው፣ በኋላ በኋላ ሲራመዱ ሰው የሚደግፋቸው። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። መቶ አለቃ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንድ የመቶ የሚመራ ነው። ምሽግ ውስጥ ከእኛው ጋር ያድራል፣ ከእኛው ኮሾሮ ይቆረጥማል። ተነሥ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው፤ ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ። እኔ የነበርኩበት ሻምበል ውስጥ የአንዱን ስም በደንብ ሳንለምድ ሌላው ይተካ ነበር። አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር፤ ማታ ማታ የምንጽፈውን ደብዳቤ ፊደል ያርምልን ነበር፣ ያላነበበ ካለም ያነብለት ነበር። እሱም ሦስት ወር አልቆየም። ለእኔ መቶ አለቃ ማለት ያ ልጅ ነው። ቤተ መንግሥት የሚቀመጥ ሰው አይመጣብኝም።

እኔ፦ የእሳቸው መንገድ ሌላ ነበር። ታኅሣሥ 1917 አዲስ አበባ ተወለዱ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ጣልያን ገባ። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ገና ወጣት ነበሩ፤ በሬዲዮ መገናኛ በኩል ሠራዊቱን ተቀላቀሉ። በ1936 ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በምክትል መቶ አለቅነት ተመረቁ፣ ቀጥለውም አየር ኃይል ገቡ። ያን ጊዜ አየር ኃይሉን የሚያደራጁት ስዊድኖች ነበሩ፤ አለቃቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ግርማ የተማሩትም ያስተማሩትም የአየር ናቪጌሽንና የበረራ ቁጥጥር ነው። ከዚያ ወደ ሲቪል አቪዬሽን ተሻገሩ፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜ እዚያ የሲቪል አቪዬሽን ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል።

አጎቴ፦ እንግዲያ የተዋጋ ወታደር አይደሉም።

እኔ፦ በመዋጋታቸው አይደለም የያዝኳቸው። ወደ ፖለቲካ የገቡበትን በር ነው ያየሁት። ታኅሣሥ 1953 ምን እንደሆነ ያስታውሱ፤ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን ሰብስበው አሠሩ፣ ነገሩ ሲከሽፍባቸው በጥይት ፈጇቸው። ጄኔራሉ መጋቢት ላይ ተሰቀሉ። ዓመት ሳይሞላ፣ በፈረንጆች 1961፣ መቶ አለቃ ግርማ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድረው ተመረጡ። ጄኔራሉ አገሩን የሚያቀናው በመትረየስ መስሎት ነበር፤ መቶ አለቃው ድምፅ ስጡኝ ብሎ ሕዝብ ዘንድ ሄደ። የሁለቱም ትምህርት ቤት የጦር ትምህርት ቤት ነው፣ ዘመኑም አንድ ነው። ከዚያም ግርማ ለሦስት ዓመት በተከታታይ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል።

አጎቴ፦ ቆይ እንጂ። የማን ምክር ቤት ነው? ንብረት የሌለው የማይወዳደርበት፣ ፓርቲ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ጃንሆይ አልፈቅድም ካሉ ያለቀበት። የባለርስት ሸንጎ እኮ ነው! ጭሰኛው ስንት ዓመት ሕግ አውጡልኝ ሲል ምን አደረጉለት?

እኔ፦ ምንም። የጭሰኛና የባለመሬት ሕግ ረቂቅ ሲነሣ ሲጣል ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ። እዚህ ላይ የሚከራከርዎት የለም።

አጎቴ፦ ያን ሕግ ማን አወጣው እንግዲህ? ወታደር! የካቲት 25 ቀን 1967 በአንድ አዋጅ። እዚህ እኛ አገር የእናት የአባት ርስት እየቆጠርን የምናርስ ስለነበርን ብዙው ሰው እንደ ደቡቡ አልዘለለም፤ እንዲያውም ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ጫካ የገባም ነበር። ግን ሲዳሞና ከፋ የነበረውን ጭሰኛ ሄደሽ ጠይቂ። ከእኔ ጋር የዘመተ አንድ የሲዳሞ ልጅ ነበር፤ አባቱ በዚያ ቀን ያለቀሰውን ልቅሶ እየነገረኝ ራሱ ያለቅስ ነበር። የአንቺ መቶ አለቃ የመሩት ቤት ያንን ማድረግ አልቻለም። ይህን ለልጆቹ ሳትነግሪያቸው እንዳታልፊ።

እኔ፦ እነግራቸዋለሁ። ያቺን አዋጅ ማንም ከደርግ ላይ አይነጥቃትም። ግን ጋሼ፣ በአዋጅ የመጣውን መሬት በአዋጅ መልሶ የሚያዝበትም ያው ወታደር ሆነ። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የሚነግሩኝ? የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግቡ፣ ለእህል ገበያ ኮታ አስገቡ፣ መንደር ተሰብሰቡ፣ ልጅ ለውትድርና ስጡ። ያንን ሁሉ አይሆንም የሚልበት ቤት አልነበረም።

አጎቴ፦ አልነበረም። አይሆንም ያለ ሰው የት እንደሚገባ ይታወቅ ነበር። (ትንሽ ዝም አሉ።) ይኸ ሩዝ ራሱ በዚያው ዘመን የመጣ ነው፣ ታውቂያለሽ? የሰሜን ኮሪያ ሰዎች መጥተው ሻጋና ጅግና ማኅበራቱ ላይ አስጀመሩት። ኮሎኔል መንግሥቱ ከኪም ኢል ሱንግ ጋር ወዳጅ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ንቆት ነበር፤ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ ርብና ጉማራ በየክረምቱ ይሞላሉ፣ ዋልካው ለጤፍ አይመችም፣ ከብት ነው የሚያዋጣን ይል ነበር። አሁን ያ ውኃ የተኛበት መሬት ነው ወረታን ከተማ ያደረጋት። አንድ መቶ ሜትር ሳትሄጂ ስንት የሩዝ መፈተጊያ ነው ያለው? እንጀራውም ውስጥ ገባ። ከዚያ መንግሥት የቀረልን ደግ ነገር ይኸ ነው እላለሁ።

እኔ፦ ማኅበሩ ግን አልቀረም።

አጎቴ፦ ማኅበሩማ በ1982 መፍረስ ትችላላችሁ የተባለ ዕለት ነው በሬውን የተካፈልነው። ሩዙን ግን ማንም ዝራ ሳይለን ዘራነው። ይኸው ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ሁሉ አላት።

እኔ፦ በግድ የመጣው ፈርሶ ሰው ወዶ የያዘው ቀረ። የእኔም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገርዎት፤ ፊጂ የምትባል የደሴቶች አገር አለች፣ ከአውስትራሊያ ወዲያ። ትንሽ አገር ነች፣ ወታደሯ ግን በሰላም አስከባሪነት ሊባኖስና ሲና ሲያገለግል የኖረ የታወቀ ወታደር ነው። እንግሊዞች ሸንኮራ እንዲያለሙ ከሕንድ ያመጧቸው ሰዎች ዘሮችና የአገሬው ተወላጆች አብረው ይኖሩባታል። በፈረንጆች 1987 ሚያዝያ ላይ ምርጫ ተደረገ፤ ሕንዶቹ የደገፉት ጥምረት አሸነፈ። አንድ ወር ብቻ ነው የገዛው። ግንቦት 14 ቀን ሲቲቬኒ ራቡካ የሚባል ሌተና ኮሎኔል፣ በሠራዊቱ ሦስተኛ ሰው፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ወታደሮች ይዞ ምክር ቤቱ አዳራሽ ገብቶ መንግሥቱን አሠረ።

አጎቴ፦ አዛዡስ የት ነበር?

እኔ፦ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ኤፔሊ ናይላቲካው አውስትራሊያ ሄደው ነበር። በሌሉበት ሥልጣናቸውን ተነጠቁ። ከሠራዊቱ ወጥተው ዲፕሎማት ሆኑ፣ በኋላም የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ ከዚያም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት። መኮንን፣ አፈ ጉባኤ፣ ፕሬዚዳንት። መቶ አለቃ ግርማ የወጡበት መሰላል ነው።

አጎቴ፦ ፕሬዚዳንት ያደረጋቸው ማን ነው?

እኔ፦ ይህን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። በፈረንጆች 2006 ሌላ የጦር አዛዥ፣ ፍራንክ ባይኒማራማ፣ ሌላ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። ናይላቲካው በእሱ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አጎቴ፦ አየሽ! አንዱ ጠብመንጃ ጣላቸው፣ ሌላው ጠብመንጃ አነሣቸው። ወታደር አንዴ ምክር ቤት ከገባ በኋላ በሩ ክፍት ይቀራል። ሌላውም ያው በር ይታየዋል።

እኔ፦ ልክ ነዎት። ፊጂ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሆኖም የራቡካን መጨረሻ ይስሙ። እሱ ራሱ በፈረንጆች ከ1992 እስከ 1999 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1999 በምርጫ ተሸነፈና ወረደ። ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ በታኅሣሥ 2022 ተመልሶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ያን ባይኒማራማን በምርጫ አስለቅቆ። ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ 28 ለ27 ነው የወጣው። ምክር ቤት በጠብመንጃ የበተነ ሰው በአንዲት ድምፅ ብልጫ ገባ። ያቺን አንዲት ድምፅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት።

አጎቴ፦ ይኸን ወደድኩት። መጠበቁን ማለቴ ነው። ስሚኝ ልጄ፤ እኛ ወታደር ቤት ትእዛዝ ትቀበያለሽ ወይም ትሰጫለሽ። መከራከር የለም። መሸነፍ ደግሞ ሞት ነው፣ ወይ ምርኮ። ስለዚህ ከዚያ የወጣ ሰው ተሸንፎ ቤቱ ገብቶ በማግስቱ ተመልሶ መምጣት የሚባል ነገር አያውቅም። ምክር ቤት ማለት ግን እጅ ተቆጥሮ የሚሸነፉበት ቤት ነው። ደርጎቹ ያን አላወቁትም። ከመቶ በላይ ሆነው ተሰበሰቡ፣ ተራ ወታደርም ሻለቃም ነበረባቸው፤ መጀመሪያ እጅ እያወጡ ይወስኑ ነበር አሉ። የተሸነፈውን ግን ኋላ ኋላ ወደ ቤቱ አልላኩትም።

እኔ፦ ጄኔራል አማን አንዶምን ነው የሚሉት።

አጎቴ፦ እሳቸውን፣ ተፈሪ በንቲን፣ አጥናፉን። አማን ግን ከሁሉም ይለያሉ። የእኛ የበላይ መኮንኖች፣ ከሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጡት፣ ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

እኔ፦ ካርቱም የተወለዱ፣ ኮሪያ የዘመቱ፣ በ1956 ኦጋዴን ላይ ሶማሊያን የመለሱ ጄኔራል። ጃንሆይ ግን ከወታደሩ ጋር ያላቸው ፍቅር አሰጋቸውና ከሠራዊቱ አንሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አደረጓቸው። ልዩነቱን ይመልከቱ፤ መቶ አለቃ ግርማ ምክር ቤት የገቡት ተወዳድረው ነው፣ ጄኔራል አማን የተላኩት ከጦራቸው እንዲርቁ ነው። ያን ጊዜ ምክር ቤት ለጦር መኮንን የግዞት ቦታም ነበር። ደርግ በ1966 መጨረሻ የመከላከያ ሚኒስትር አደረጋቸው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ሊቀ መንበር። የኤርትራን ነገር በንግግር እንፍታ አሉ፣ ተጨማሪ ጦር አይሂድ አሉ፣ የታሠሩት ባለሥልጣኖች በፍርድ ይዳኙ አሉ። በሐሳብ ሲሸነፉ ሥራቸውን ትተው ቤታቸው ገቡ።

አጎቴ፦ ቤታቸው ድረስ ታንክ ተላከ።

እኔ፦ ኅዳር 14፣ ቅዳሜ ማታ። በዚያችው ሌሊት ስልሳው ባለሥልጣኖች ተገደሉ። በዚያ ሌሊት ላይ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ ድምፄ ይሰበራል፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። አማን የሚሉትን የሚሰማ፣ ድምፅ ቆጥሮ ተሸንፈሃል የሚልና በሕይወት የሚያሰናብት ቤት ቢኖር ኖሮ እርስዎም ሰሜን አይሄዱም ነበር ይሆናል።

አጎቴ፦ ያ ደብዳቤ የሚያርምልን ልጅም።

እኔ፦ እሱም።

አጎቴ፦ በይ እሺ፣ በሩን ገባኝ። መቶ አለቃው በትክክለኛው በር ገቡ። እኔ ግን ቤቱ ውስጥ ምን ሠሩ ነው የምለው። ደርግ ሲመጣ ምክር ቤቱ ተዘጋ፣ እሳቸውም ተሰወሩ። ከዚያ ኢሕአዴግ መጣ፣ ሽማግሌ ሆነው ብቅ አሉ፤ ፕሬዚዳንት ተባሉ። ፕሬዚዳንት ማለት እዚህ አገር ምንድነው? ይፈርማል። መስከረም መጨረሻ ሰኞ ምክር ቤት መጥቶ ሌላ ሰው የጻፈውን ያነባል። አምባሳደር ይቀበላል። ጦሩ የጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ገንዘቡ የጠቅላይ ሚኒስትሩ።

እኔ፦ አልተሰወሩም። በደርግ ጊዜ ኤርትራ ላይ የሰላም ሙከራ ውስጥ ሠርተዋል፣ ቀይ መስቀልም አገልግለዋል። ከ1983 በኋላ ለም ኢትዮጵያ የሚባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። በ1992 ደግሞ ከበቾ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። በግል፣ ጋሼ፣ ያለ ፓርቲ! ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ከፓርቲያቸው ጋር ተጣልተው በ1994 ሲወርዱ ገዢው ፓርቲ ያቀረባቸው እሳቸውን ነው፤ ብዙ ሰው ገርሞታል።

አጎቴ፦ ለምን አቀረቧቸው? አይናገሩማ! ነጋሶ ተናገረና አስቸገራቸው፤ ቤትና መኪና እስከ መከልከል ደረሱ። ሽማግሌ፣ የራሱ ፓርቲ የሌለው፣ ፈራሚ ሰው ፈለጉ፣ አገኙ። እኔ ክፉ ሰው ናቸው አላልኩሽም። ሥልጣን የሌለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለልጆች ምን ምሳሌ ይሆናል ነው የምልሽ።

እኔ፦ የሥልጣኑን ትንሽነት አልክድም። አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በአደባባይ መንግሥትን የሞገቱበትን ቀን ፈልጌ አላገኘሁም፤ 1997ን የመሰለ የምርጫ ውዝግብ ዓመት ሲያልፍ እንኳ። ይህ በታሪካቸው ላይ ያለ ጉድለት ነው ብዬ ነው የማስተምረው። ነገር ግን ያቺ ትንሽ ሥልጣን ምን ምን ላይ እንደወደቀች ልብ ይበሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ላይ፣ ፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረጎችን ይሰጣል ይላል። ጄኔራሎቹ ተሰልፈው፣ ትከሻቸውን ሰጥተው፣ ኮከብ የሚያደርግላቸው ሰው መቶ አለቃ ነበር ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ያቺን ማዕረጋቸውን አልጨመሩባትም። ርእሰ ብሔር ሆነው፣ መቶ አለቃ እንደተባሉ ኖሩ። አገራችን ውስጥ ሥልጣን የያዘ ወታደር ማዕረጉ ምን ያህል እንደሚያድግ ያውቃሉ።

አጎቴ፦ (ራሳቸውን ነቀነቁ።) አዎ። መንግሥቱ ሻለቃ ሆኖ መጥቶ ኮሎኔል አደረጉት። በኋላ ካኪውን አውልቆ ሱፍ ለበሰ፣ ሸንጎ አቋቋመ፣ ፕሬዚዳንት ተባለ። እኛ ምሽግ ውስጥ ነበርን፤ ለውጡን ያየነው ፎቶው ሲቀየር ብቻ ነው። መቶ አለቃ ሆኖ መቅረት... ይኸን አላሰብኩትም ነበር። ጄኔራል ፊት ቆሞ፣ አለቃው ሆኖ፣ በራሱ ማዕረግ። ይኸ ወታደር የሚገባው ነገር ነው።

እኔ፦ አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ታኅሣሥ 1999 ላይ የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። እስር ቤት ያሉት ሽማግሌዎች ሞታቸውን ይጠብቁ ጀመር። የሃይማኖት አባቶች ለዕርቅ ስንል ይቅር ይባሉ ብለው ለመኑ። ሕገ መንግሥቱ ግን አንቀጽ 28 ላይ እንዲህ ዓይነቱ ወንጀል በይቅርታም በምሕረትም አይታለፍም ይላል፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትቷል፣ ሞት የተፈረደበትን ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊያወርደው ይችላል። ርእሰ ብሔሩ ያን ጊዜ ማን ነው? መቶ አለቃ ግርማ። ግንቦት 2003 የ23ቱን ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቀየሩ። በመስከረም 2004 ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ።

አጎቴ፦ እነ ፍቅረ ሥላሴን።

እኔ፦ እነ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ፣ ፍስሐ ደስታ፣ ለገሠ አስፋው። መስከረም 2 ቀን 1967 ምክር ቤት ተዘግቷል ብለው ያወጁት ወታደሮች ናቸው። የዘጉት መቶ አለቃ ግርማ አንድ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆነው የመሩትን ምክር ቤት ነው። ከዚያ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ የእነዚያ መኮንኖች ሕይወት ከዚያ ቤት በወጣ አንድ መቶ አለቃ እጅ ላይ ወደቀ።

አጎቴ፦ ቆይ። ይኸን በውበቱ አትንገሪኝ። እኔ ጎንደሬ ነኝ። በደርግ ጊዜ ጎንደርን ያስተዳደረውን የሻለቃ መላኩ ተፈራን ዘመን ያየ ሰው እዚህ አገር አለ፤ ልጇን ከየት እንደምታነሣ ያላወቀች እናት ገና በሕይወት አለች። አስለቅሰዋት የኖሩትን ሰዎች በፊርማ ከገመድ ማውረድ ለእሷ ምንድነው? ማን ጠየቃት?

እኔ፦ ማንም አልጠየቃት። ለዚህ መልስ የለኝም፣ ጋሼ። ውሳኔው ውስጥ የተጎጂ ቤተሰቦች ድምፅ ጎልቶ አልተሰማም፤ አንዳንዶቹ በግልጽ ተቃውመዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስልሳው ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ሞቱ፣ እነዚህ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ በፈጀ ችሎት፣ ጠበቃ ቆሞላቸው፣ ይግባኝ ተሰምቶላቸው፣ መጨረሻ ላይም ሕጉ በተወው ቀዳዳ ዳኑ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከአንድ ወታደር መንግሥት ወደ ሌላ ታጣቂ መንግሥት በተሻገረ አገር፣ ማንም ሳይገድላቸው እስር ቤት አርጅተው ወጡ።

አጎቴ፦ ፊርማው ግን የእሳቸው ነው? ወይስ እንደ ንግግሩ ሌላ ሰው የጻፈውን?

እኔ፦ መንግሥት ሳይፈልግ አይፈርሙም ነበር፤ ይህን መካድ ልጆቹን ማታለል ነው። ከዚያ ምርጫ በኋላ ታሥረው ለነበሩት የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 1999 የተሰጠውን ይቅርታም የፈረሙት እሳቸው ናቸው፤ ያም የተጠናው ሌላ ቦታ ነው። እንዲህም ሆኖ ስማቸው ነው ከሥሩ ያለው። ሕይወት በማትረፍ ወረቀት ላይ። አብዛኞቹ የእኛ ወታደር ፖለቲከኞች ስማቸው ያለው በምን ወረቀት ሥር እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አጎቴ፦ አውቃለሁ። የአንዳንዱንም አንብቤዋለሁ፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ። (ቆዩ።) ስንት ዓመታቸው ነበር ሲያርፉ?

እኔ፦ ዘጠና ሦስት። ታኅሣሥ 2011።

አጎቴ፦ ዘጠና ሦስት ዓመት የኖረ መቶ አለቃ አላውቅም። የማውቃቸው ሁሉ ሠላሳን አላለፉም።

እኔ፦ ስለ እነሱ እርስዎ ቢነግሯቸውስ? ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነው የማስተምረው። አጨዳው ካልያዘዎት።

አጎቴ፦ ሐሙስ የበላዩን ማሳ ልንወቃ ነበር፤ ወደ ዓርብ አደርገዋለሁ። ግን እንደ እንግዳ አስቀምጠሽ አታስጨብጭቢብኝ። እኔ ስለ ምሽጎቹ መቶ አለቆች እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ስለ ፕሬዚዳንቱ። የመሬት አዋጁንም እንዳትዘይው። እኔ ስጨርስ ከልጆቹ አንዱ፣ ምክር ቤቱስ ለምን አላወጣውም ነበር ብሎ ካልጠየቀሽ እኔው እጄን አወጣለሁ።